በፍልሰታ የተነበበ በጀት

የጎረቤቴ ልጅ ባለፈው ወር አንድ ወረዳ ላይ በፕላን ባለሙያነት ተመደበ። ሊሰናበተኝ መጣና አዘዞ ባለችው ቤቴ በረንዳ ላይ ቡና ጠጣን። «ጋሼ፣ እስቲ አንድ ነገር ይምከሩኝ» አለኝ። እኔ ደግሞ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የሚጠይቀኝ ሰው ካገኘሁ አልምርም። ሁለት ሰዓት ሙሉ አወራሁበት። ልጁ ጨዋ ስለሆነ ስልኩን በስርቆት ነበር የሚያየው። ከሄደ በኋላ ሳስበው ዋናውን ነገር አልነገርኩትም። ስለዚህ ለእሱም፣ ነገ ተነገ ወዲያ ወደ ገጠር ለምትመደቡትም፣ ቀበሌያችሁ ውስጥ ሥራ አጥታችሁ ለተቀመጣችሁትም ይሄን ጻፍኩ።

ወደ ሠላሳ ዓመት ገደማ በጎንደር ዙሪያ ባሉ ወረዳዎች እኔም በፕላን ሥራ ላይ ነበርኩ። ወገራ ላይ ብርዱ አጥንቴ ድረስ ገብቷል። መተማ ላይ በወባ ተንቀጥቅጫለሁ። ደምቢያ የጥቁር አፈሩ ጭቃ ውስጥ አንድ እግር ጫማ ትቼ መጥቻለሁ፤ ዛሬም እዚያው ይኖራል። ከዚህ ሁሉ ያተረፍኩት ይሄን ነው። ሕዝብ ከልማት ሥራ የሚሸሸው ስላልተጠየቀ አይደለም። ተጠይቆ፣ ተናግሮ፣ መልሱን የሚያመጣለት ሲያጣ ነው።

እንዴት እንደተማርኩት ልንገራችሁ። ነገሩ አያኮራኝም።

1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። በአንድ ቀበሌ የእጅ ጉድጓድ አስቆፍረን ፓምፕ ተከልንበት። ተመረቀ፣ ጠላ ተጠጣ፣ ተጨበጨበ። ከስድስት ወር በኋላ ስመለስ የፓምፑ እጀታ ዝጓል፤ ዙሪያውን አረም ውጦታል። ሴቶቹ ጀሪካን አዝለው ወደ ድሮው ምንጭ ይሄዳሉ። «ኅብረተሰቡ የባለቤትነት ስሜት የለውም» ብዬ ሪፖርት ልጽፍ ትንሽ ነው የቀረኝ። ይህችን ዐረፍተ ነገር ታውቋታላችሁ። እኔም ስንት ጊዜ ጽፌያታለሁ!

መንገድ ላይ አንዲት እማሆይ አገኘሁ። «እማሆይ፣ ይሄን የመሰለ ንጹሕ ውሃ እያለ ለምን ምንጭ ድረስ ይደክማሉ?» አልኳቸው። ቆም ብለው አዩኝ። «አንተ ልጅ፣ ባዶውን ይዤ ልውረድ፣ ሙሉውን አዝዬ ልውጣ? ያንተ ወገብ ይችለዋል?» ቀና ብዬ አየሁ። ቤቶቹ በሙሉ ኮረብታው ላይ ናቸው። ጉድጓዱ ከታች፣ መኪና መንገዱ ዳር ነው። ምንጩ ይርቃል፤ መንገዱ ግን ለጥ ያለ ሜዳ ነው። እኛ ቢሮ ውስጥ ካርታው ላይ ርቀቱን በማስመሪያ ለክተን «ቅርብ ነው» ብለን ነበር። ማስመሪያ ዳገት አያውቅም።

ይሄ እንኳ ስህተት ነው፤ ይታረማል። የገደለኝ ቀጥለው ያሉት ነው። «ነግረናችሁ ነበር እኮ። ምንጩን አጎልብቱልን አልን። ጻፋችሁ። አስፈረማችሁን። ከዚያ ወዲያ ወጥታችሁ ቀራችሁ።»

ቢሮ ገብቼ ቃለ ጉባዔውን አወጣሁት። እውነታቸውን ነው። ተራ ቁጥር 3 ላይ «ምንጭ ማጎልበት» ይላል፤ ምንጩን በግንብ ከልሎ ውሃውን በቧንቧ ማውረድ ማለት ነው። ከሥሩ የጣት አሻራ ተደርድሯል። ያን ዓመት የመጣው ገንዘብ ለጉድጓድ ስለነበር፣ ወንበራችን ላይ እንደተቀመጥን ምንጩን ጉድጓድ አደረግነው። በቂ ምክንያት ነበረን ይሆናል። ግን ተመልሶ «እንዲህ ስለሆነ ነው» ያላቸው የለም። እኔም አላልኳቸውም።

በዓመቱ ስብሰባ ስንጠራ ሁሉም «እሺ» አለ። ጭቅጭቅ የለ፣ ጥያቄ የለ። አለቃዬ ደስ አለው። እኔን ግን ሆዴን ባር ባር አለኝ። የጎንደር ገበሬ የሚሟገታችሁ ከእናንተ የሚጠብቀው ነገር ሲኖር ነው። «እሺ፣ መልካም ነው» ብሎ ጋቢውን አጣፍቶ ከተነሳ ትቷችኋል።

ስለ ስብሰባ ካነሳን አይቀር፣ አካሄዱን ታውቁታላችሁ። በ«ሃምሳ ሎሚ» ይከፈታል። አንድ ኃላፊ አንድ ሰዓት ይናገራል። «ሐሳብ አስተያየት ካለ?» ይባላል። ሦስት ሰዎች ይነሳሉ፤ ሁልጊዜ እነዚያው ሦስቱ ናቸው። ከዚያ ጭብጨባ። ሰው ተበትኖ ጠላ ቤት ሲገባ እውነተኛው ስብሰባ ይጀመራል። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባል የለ? የትኛው ተፋሰስ ላይ እርከኑ የከብት መተላለፊያ እንደዘጋ፣ የትኛው መምህር ሰኞ እንደማይገባ፣ ማዳበሪያው ለምን እንደዘገየ የሰማሁት እዚያ ነው። በጀት ያልተያዘለት ጥናት ነበር። ወጪውን በሙሉ ከኪሴ ሸፍኛለሁ።

ለማንኛውም ስብሰባውን በሥራ ቀን አትጥሩ። ገበሬው ሞፈር በማይጨብጥበት ቀን፣ በ12 ሚካኤል ወይም በ21 ማርያም ሂዱ። ሙስሊሞቹ መንደር ከጁምዓ በኋላ ሂዱ። ሴቶቹን ደግሞ ለብቻቸው አግኟቸው። ባሎቻቸው ፊት የሚናገሩትና ወንዝ ዳር የሚናገሩት አንድ አይደለም።

አንድ ዘዴ ልስጣችሁ። የሚያስፈልገው አንድ እፍኝ ሽምብራ ብቻ ነው። መሬት ላይ ለእያንዳንዱ ጥያቄ ምልክት አስቀምጡ። ለውሃ የጀሪካን ክዳን፣ ለመንገድ ድንጋይ፣ ለትምህርት ቤት ደብተር፣ ለወፍጮ ቁራጭ ማጭድ ቢሆን ግድ የለም፤ ብቻ ሁሉም ይወቀው። ለእያንዳንዱ ሰው አምስት ሽምብራ ስጡና እንደፈለገ ያከፋፍል። ወንዶቹ ከጨረሱ በኋላ ቆጥራችሁ አንሱትና ሴቶቹን አስገቡ። አንድ ጊዜ ወንዶቹ ከግማሽ በላዩን ሽምብራ መንገዱ ላይ ጣሉ። ሴቶቹ ወፍጮው ላይ ከመሩት። የቅርቡ ወፍጮ በአህያ ሦስት ሰዓት ያስኬድ ነበር። በስብሰባው ወፍጮ የሚል ቃል አልተነሳም።

እዚህ ድረስ ያለውን ሥልጠና ላይ ይነግሯችኋል። ካርታውን በአመድና በጠጠር ማሳል፣ ቀበሌውን ከዳር እስከ ዳር በእግር ማቋረጥ፣ የወቅት ሰሌዳ መሥራት፣ ሁሉም ጥሩ ነው። ሥልጠናው ላይ የማይነግሯችሁ ሐምሌን ነው።

ሂሳቡ እንዲህ ነው። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል። የቀበሌው ጥያቄ የሚሰበሰበው በበጋ ነው። በጀቱ ጸድቆ ምን እንደተፈቀደና ምን እንደተሰረዘ የሚታወቀው ክረምት ሲገባ ነው። ያኔ መንገድ የለም። የመገጭ ወንዝ ሞልቷል። መኪና ጭቃ ውስጥ ይሰምጣል። ገበሬው አረም ላይ ነው። ባለሙያውም የዓመት ፈቃዱን ይወጣል። መልሱ በተገኘበት ወር መልሱን የሚያደርስ ሰው የለም ማለት ነው። መስከረም ሲጠባ ደግሞ አዲስ ዘመቻ ይመጣና ያለፈው ይረሳል።

የወረዳው በጀት በሰሌዳ ይለጠፋል፤ አዎ። ጥሩ ሥራ ነው፤ ከ1998 ዓ.ም. ወዲህ በየወረዳው ተለምዷል። ግን የሚለጠፈው የት ነው? ወረዳው ከተማ፣ ጽሕፈት ቤቱ ግድግዳ ላይ። የአራት ሰዓት የእግር መንገድ መጥቶ ሰንጠረዥ የሚያነብ ማን አለ?

እኔ ከብዙ ጥፋት በኋላ ያገኘሁት መላ ፍልሰታ ነው። ከነሐሴ 1 እስከ 15 ሕዝቡ ይጾማል፣ ያስቀድሳል፣ ቤተ ክርስቲያን ይሰበሰባል። ማንም አይጠራውም፤ አበልም አይጠይቅም። ቄሰ ገበዙን አስፈቅጄ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ ጋ ቆምኩና ወረቀቱን አነበብኩ። ወደዚያ የሄድኩት በበቅሎ ነው፤ የመጨረሻውን ደግሞ በእግሬ። «አሥራ አንድ ነገር ጠይቃችሁ ነበር። ሁለቱ ተፈቅዷል። ዘጠኙ አልተፈቀደም። ያልተፈቀደበት ምክንያት ይሄ ነው።» እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ድንጋይ የሚወረወርብኝ መስሎኝ ነበር፤ እውነቴን ነው።

ማንም አልተቆጣም። አንድ ሽማግሌ «ታዲያ የቀረው ብር የት ገባ?» አሉ። ወረቀቱን ገለጥኩ። ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ ለወረዳ ጥቅል በጀት፣ ማለትም ወረዳው ራሱ የሚደለድለው ገንዘብ ይወርዳል፤ ያኔ እኛ የፕላን ሰዎች ትልቅ ተስፋ አድርገን ነበር። ነገር ግን አብዛኛው ለደመወዝ ነው የሚሄደው። ለመምህራን፣ ለጤና ባለሙያዎች፣ ለግብርና ባለሙያዎች፣ ለእኛም። ይሄንኑ ነገርኳቸው። ትንሽ ተጉረመረሙ። ከዚያ ሽማግሌው ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «እንግዲያው ደመወዝ የምንከፍለው መምህር ሰኞም ዓርብም ይግባ።»

ለእኔ ይህ ትልቅ ትምህርት ነበር። ሕዝቡ ያልተፈቀደውን ሲያውቅ ዓይኑን የተፈቀደው ላይ ተከለ። ከዚያ በኋላ የወላጅ ኮሚቴው የመምህራኑን መቅረት በደብተር ይመዘግብ ጀመር። ጤና ኬላው ስንት ቀን እንደተዘጋም ቆጠሩ። አዲስ ፕሮጀክት አላገኙም። ግን ቀድሞ የተከፈለበትን አገልግሎት ማስመለስ ጀመሩ። ለአንዳንድ ሰዎች አልተመቸም። እኔም በዚያ ዓመት ትንሽ ተገላምጫለሁ፤ ዝርዝሩ ይቅር።

ምንጩም በመጨረሻ ጎለበተ። ያኔ በክልሉ ገንዘቡን ለኅብረተሰቡ ራሱ የመስጠት አሠራር መጥቶ ነበር። ብሩ በአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም (አብቁተ) በኩል፣ ዛሬ ፀደይ ባንክ በሆነው፣ ለውሃ ኮሚቴው ይሰጣል። ሲሚንቶ የሚገዛው፣ ግንበኛ የሚቀጥረው ኮሚቴው ነው። ገንዘብ ያዧ ሴት ነበረች። ጎንደር ድረስ ወርዳ ሦስት ሱቅ ተከራክራ ገዛች። ሲራገፍ እያንዳንዱን ከረጢት ቆጥራ አስገባች። እኛ ብንገዛው ኖሮ የሚቆጥር አይኖርም ነበር። ጉድጓዱ ስድስት ወር አልቆየም። ምንጩን ከዓመታት በኋላ ሳየው ቧንቧው ይወርዳል፣ አጥሩ ቆሟል፣ ለጥገና የሚሆን መዋጮም ያወጣሉ።

ጎንደር ለመልስ እንግዳ አይደለችም። በ1945 ዓ.ም. ገደማ ደምቢያ ውስጥ ቆላ ድባና አካባቢው በወባ ወረርሽኝ ሲያልቅ ሺዎች ሞተዋል። ከዚያ በ1947 ዓ.ም. የጤና ኮሌጁ እዚህ ጎንደር ተከፈተ፤ የዛሬው ዩኒቨርሲቲ ማለት ነው። የጤና መኮንኑ፣ የኅብረተሰብ ነርሷና የአካባቢ ጤና ባለሙያው በአንድ ቡድን ሆነው ገጠር ወርደው እየሠሩ ነበር የሚማሩት። ጥያቄው ከደምቢያ ወጣ፤ መልሱም ተመልሶ ወደ ደምቢያ ሄደ። አንድ አስተማሪዬ ይሄን ደጋግሞ ይነግረን ነበር። ያኔ አሰልቺ ሽማግሌ መስሎኝ ነበር። ዛሬ እኔም እሱን ሆኛለሁ።

ባለሙያ ላልሆናችሁት አንድ ነገር ልበል። መጠየቅ መብታችሁ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 43 ዜጎች አካባቢያቸውን በሚነካ ፖሊሲና ፕሮጀክት ላይ ሐሳባቸው ሊጠየቅ እንደሚገባ ይናገራል። ግን አንቀጽ ጠቅሳችሁ ቀበሌ ብትገቡ ሊቀመንበሩ ይደነግጥና በሩን ይዘጋባችኋል። ለስለስ በሉ። «የባለፈውን ዓመት ቃለ ጉባዔ ላንብበው?» በሉ። ማንበብ የማይችሉ እናቶቻችሁ አሻራቸውን ያሳረፉበት ወረቀት ነው፤ አንብቡላቸው። ስልክ አላችሁ፣ ፎቶ አንሱት። የጠየቁትን በአንድ ዓምድ፣ የተሠራውን በሌላ ዓምድ ጻፉ። ሁለት ዓምድ ብቻ። ጣና ዳር ያሉት የደምቢያ ቀበሌዎች እምቦጭን በእጃቸው እየነቀሉ ስንት በጋ አሳለፉ! ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ የታገሉት እነሱ ናቸው። «በዚህ ዓመት ስንት ሰው ወጣ» የሚል ቁጥር ሁልጊዜ ይጻፋል። እነዚያ ሰዎች ምን አሉ የሚለው ግን የተጻፈበትን ወረቀት አላየሁም። ተሳትፎ ማለት የጉልበት ቁጥር ብቻ የሆነበት ሪፖርት ሲያጋጥማችሁ ጠይቁ።

ጊዜው ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። ብዙ ቦታ እንደ ድሮ በበቅሎ ተነስቶ መሄድ አይቻልም። ሽምብራና አመድ ይዛችሁ ሂዱ ስላችሁ ሁሉም ነገር ሰላም እንደሆነ ቆጥሬ አይደለም። መሄድ የማይቻልበት ቦታ ደውሉ። ገበያ የመጣ ሰው ፈልጉ። በቄሱ፣ በሼሁ፣ በእድሩ ዳኛ በኩል መልሱን ላኩ።

የድሮ ማስታወሻ ደብተሮቼ አሁንም አሉኝ። በየገጹ ጥያቄው በሰማያዊ፣ መልሱን የነገርኩበት ቀን በቀይ ተጽፏል። ሦስት ገጽ ላይ ቀዩ የለም። አንደኛው የእግረኛ ድልድይ ነው። ልጆች በክረምት ወንዙን መሻገር አቅቷቸው ከትምህርት ይቀሩ ነበር። ጠየቁ፣ ጻፍኩ፣ ሳይፈቀድ ቀረ፣ እኔም ወደ ሌላ ወረዳ ተዛወርኩ። አሥራ ሰባት ዓመት አለፈው። ያኔ የነበሩት ልጆች ዛሬ ልጅ ወልደዋል። ዘንድሮ መንገዱ ከተከፈተ ለፍልሰታ እሄዳለሁ ብዬ የጎረቤቴን ልጅ አብሮኝ እንዲመጣ ጠይቄዋለሁ። ድልድይ ይዤ አይደለም የምሄደው። «አልተፈቀደም ነበር» ልላቸው ነው።