የወታደር ቤት ልጆች ሕክምና፦ የጠየቃችሁኝና የመለስኩላችሁ

ባለቤቴ በአሜሪካ ጦር 11 ዓመት አገለገለ። እኔ ደግሞ ሁለት ልጅ ይዤ አራቴ ቤት ቀየርኩ። ሐኪም አይደለሁም፤ ወረፋውን ግን አውቀዋለሁ።

ጥያቄ፦ ልጄ ከተወለደች ሦስት ሳምንቷ ነው። ባሌ ግዳጅ ሄዷል። ሆስፒታሉ መዝግቧታል፤ አይበቃም?

አይበቃም እህቴ። ሠራዊቱ ቤተሰብን የሚያውቀው ዴርስ በሚባለው የራሱ መዝገብ ነው። ስሟ እዚያ ካልገባ ትራይኬር፣ ማለትም የወታደር ቤተሰብ የጤና ኢንሹራንስ፣ አያውቃትም። አሜሪካ ውስጥ ከተወለደች 90 ቀን አለሽ። የልደት ወረቀቷን ይዘሽ ቤዝ (ጦር ሰፈሩ) ውስጥ መታወቂያ የሚሰጥበት ቢሮ ሂጂ። የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥሯን አትጠብቂ፣ በኋላ ይጨመራል። ችግሩ የባልሽ ፊርማ ወይም ውክልና ያስፈልጋል። እኔ ውክልና ሳላጽፍ ባሌን ሸኝቼ፣ ለአንዲት ፊርማ ስንት ሳምንት ተንከራተትኩ! ገና ያልሄደ ካለ ዛሬውኑ አጽፉት።

ጥያቄ፦ ልጄ ከባድ አስም አለበት። በበጋ ወደ ሌላ ስቴት ልንዛወር ነው።

ለረጅም ጊዜ ልዩ ሕክምና የሚያስፈልገው ልጅ ካለ፣ ኢ.ኤፍ.ኤም.ፒ. በሚባለው ፕሮግራም መመዝገብ ግዴታ ነው። ሠራዊቱ ባልሽን ሌላ ቦታ ከመመደቡ በፊት ሕክምናው እዚያ መኖሩን እንዲያይ ነው። «የባልሽን ሹመት ያስቀራል» ይሏችኋል። ፋይሉ ለሹመት ቦርድ አይቀርብም። የክትባት ካርዱንና የሐኪሙን ማስታወሻ በእጅሽ ያዢ፤ ከዕቃው ጋር በካርቶን እንዳትልኪው። ካርቶኑ ከእናንተ ቀድሞ አይደርስም።

ጥያቄ፦ ማታ ትኩሳት ቢይዘው ሪፈራል ልጠብቅ?

አትጠብቂ። የወታደር ቤተሰብ ከሆናችሁ ለአስቸኳይ ክሊኒክ ሪፈራል አያስፈልግም። ለድንገተኛ ደግሞ 911 ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ 21 ሊሞላት ነው። ትራይኬር ይቋረጥባታል?

ያላገባች፣ ሙሉ ጊዜ ኮሌጅ የምትማርና በዋናነት እናንተ የምታስተዳድሯት ከሆነች እስከ 23 ዓመቷ ይሸፍናታል። ከዚያ እስከ 26 በየወሩ እየከፈለች መቀጠል ትችላለች።

ጥያቄ፦ እማማ ልጅ ሊይዙልኝ ከጎንደር እየመጡ ነው። ትራይኬር ይሸፍናቸዋል?

ወንድሜ፣ አይሸፍናቸውም። ከመነሳታቸው በፊት የጎብኚ ኢንሹራንስ ግዛላቸው።

ጥያቄ፦ አባቱ ከሄደ ጀምሮ የስድስት ዓመቱ ልጄ አይበላም። «ይለምደዋል» ይሉኛል።

እኔንም ብለውኛል። የእኔ ልጅ በየእሑዱ ሆዱን ያመው ነበር። ምርመራው ሁሉ ደህና። ሐኪሟ ከቤዝ ውጭ የምትሠራ ስለነበረች የወታደር ልጅ መሆኑን አታውቅም፤ እኔም አልነገርኳት። በሦስተኛው ቀጠሮ «አባቱ የት ነው?» አለች። ለካ ከአባቱ ጋር በቪዲዮ የምንገናኘው እሑድ ነው! ስለዚህ ሐኪሙ ዘንድ ውሰጂው፣ ገና ስትገቢ ደግሞ አባቱ ግዳጅ ላይ መሆኑን ተናገሪ። ሚሊታሪ ዋንሶርስ ወደሚባለው የወታደር ቤተሰብ መርጃ አገልግሎት ደውለሽ ነፃ የምክር አገልግሎት ጠይቂ። እንግሊዝኛው ከከበደሽ አስተርጓሚ በስልክ ያገናኙሻል። ለመምህሩም ንገሪ። እኛ የቪዲዮውን ቀን ወደ ረቡዕ ስናዞረው ሕመሙም ወደ ረቡዕ ዞረ፤ ያኔ ነው አማካሪ የያዝንለት።