ሶዲየም ኤሌክትሮኑን «መስጠት ይወዳል» አይበሉ

«አቶሞች የሚተሳሰሩት ስምንት ኤሌክትሮን ለመሙላት ነው ብዬ ብጽፍ ለፈተና ይበቃል?» ብለው ለጠየቁት፦ አይበቃም። እኔ ይህንኑ ሸምድጄ ገብቼ ኮርሱን ደግሜያለሁ።

1ኛ. ስምንት ቁጥር የትኛው አቶም ከየትኛው ጋር እንደሚጣመር ለመገመት ይረዳል፤ ምክንያቱ ግን ኃይል ነው። እኔን የጣለኝ ጥያቄ «የገበታ ጨው ሲሠራ ኃይሉ ከየት ይወጣል?» የሚል ነበር፤ ጨው የሶዲየምና የክሎሪን ውህድ ነው። «ሶዲየም ኤሌክትሮኑን ሲሰጥ» ብዬ በልበ ሙሉነት ጻፍኩ። ውጤቱ እንዲታይልኝ ከፍዬ አመለከትኩ፤ በመስኮቱ ውስጥ የተቀመጡት ሰውዬ ቀና ብለው እንኳ ሳያዩኝ ወረቀቱን ገፉልኝ። በላዩ አንድ ቀይ የጥያቄ ምልክት ብቻ! ስህተቱን የሚነግረኝ ስላልነበረ ሒሳቡን ራሴ ቁጭ ብዬ ሠራሁት።

ሁሉም ለአንድ ሞል ጨው ነው (ሞል ኬሚስቶች አቶሞችን የሚቆጥሩበት መለኪያ ነው)። ጠጣሩን ሶዲየም ወደ ነጠላ አቶሞች ለመበተን 107 ኪሎጁል፣ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ከሚገኘው ክሎሪን አንድ ሞል ነጠላ አቶም ለማግኘት 121 (ጥንዱን ለመለያየት የሚያስፈልገው ግማሽ)፣ ከሶዲየም ኤሌክትሮን ለመንጠቅ ደግሞ 496። ይህ ሁሉ ወጪ ነው! ክሎሪን ኤሌክትሮኑን ሲቀበል የሚመልሰው 349 ብቻ ነው። እስከዚህ ድረስ ከስረናል። ኪሳራውን የሚያካክሰው አዮኖቹ (ኤሌክትሮን ሰጥተው ወይም ተቀብለው ቻርጅ የያዙት አቶሞች) ተሰባስበው ክሪስታል ሲሠሩ የሚወጣው 787 ነው፤ እያንዳንዱ ሶዲየም በስድስት ክሎሪን፣ እያንዳንዱም ክሎሪን በስድስት ሶዲየም ይከበባል። ደምረው ቢቀንሱ ትርፉ 412 ይሆናል፤ በልኬት የተገኘው 411 ነው። ያን ምሽት ብቻዬን አጨበጨብኩ።

2ኛ. ትስስር ሲበጠስ ኃይል ይወጣል የሚልዎትን አይስሙ። ይህንንም ያስተማረኝ ሰው ነበረ፤ ይቅር ብየዋለሁ፣ ምናልባት። ሁለት ሃይድሮጅኖች ሲቀራረቡ የእያንዳንዳቸው ኤሌክትሮን በሁለቱም ኒውክለሶች (የአቶሞቹ እምብርቶች) ይሳባል። 74 ፒኮሜትር (ፒኮሜትር የሜትር ትሪሊዮንኛ ነው) ላይ ሲደርሱ ይረጋሉ፤ ከዚያ በላይ ከቀረቡ የኒውክለሶቹ መገፋፋት ያይላል። ለማለያየት 436 ኪሎጁል መክፈል ግድ ነው።

3ኛ. ማግኒዥየም ኦክሳይድን ራስዎ ይሞክሩት። ኦክስጅን ሁለተኛውን ኤሌክትሮን ሲቀበል ኃይል ይበላል እንጂ አይሰጥም፤ እኔን ሁለት ቀን ያንከራተተኝ ይህ ነው። ሥሌትዎን እዚሁ ይለጥፉልኝ፣ አይቼ አርምልዎታለሁ።