ባንክ ደጃፍ የተሰለፈው ሰው ጥፋተኛ ነበር?

ባለፈው ሳምንት በ1930ዎቹ የአሜሪካ ትንንሽ ከተሞች ሰው ገንዘቡን ለማውጣት እንዴት ባንክ እንዳጥለቀለቀ ጽፌ ነበር። ከጥያቄዎቻችሁ ጥቂቶቹን እመልሳለሁ። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

የትንንሽ ከተማ ባንኮች ለምን ቶሎ ወደቁ?

ብዙ ክፍለ ግዛቶች ባንክ እንደልቡ ቅርንጫፍ እንዳይከፍት ይከለክሉ ነበር። ስለዚህ የአዮዋ ባንክ ኑሮው ከአዮዋ በቆሎ ጋር ነው። የበቆሎ ዋጋ ሲወድቅ ገበሬው ብድሩን መክፈል ያቅተዋል፣ ባንኩም አብሮ ይወድቃል። ካናዳ ውስጥ ግን ጥቂት ትልልቅ ባንኮች በመላ አገሪቱ ቅርንጫፍ ነበራቸው። በዚያ ሁሉ ችግር አንድም አልከሰረም። አሜሪካ ውስጥ ከ1930 እስከ 1933 ወደ 9,000 ገደማ ባንኮች ተዘግተዋል።

ፕሬዝዳንት ሩዝቬልት ያወጁት «የባንክ በዓል» ምን ዓይነት በዓል ነው?

በዓል አይደለም፤ ማርች 1933 የአገሪቱ ባንኮች በሙሉ በትእዛዝ የተዘጉበት ሳምንት ነው።

ሕዝቡ በወሬ ተነድቶ ደህናውን ባንክ ገደለ፤ ለምን ይህን አልጻፍክም?

ጠያቂው የባንክ ሰው ይመስለኛል፤ ተቆጥተዋል። እኔ ግን አልስማማም። ካዝና ውስጥ ያለው ጥሬ ገንዘብ ከተቀማጩ ጥቂቱ ነው፤ የቀረው ብድር ሆኖ ወጥቷል። ባንኩ ከተዘጋ ቀድሞ የደረሰ ሙሉውን ይዞ ሄዷል፣ የዘገየ ለጊዜው ባዶ እጁን ቀርቷል። የልጆቿን ቀለብ የምታስብ እናት ወሬውን ሰምታ ቤቷ ትቀመጥ?

በ1931 ክረምት ዩታ ውስጥ፣ ኦግደን ከተማ፣ አንድ ባንክ ሳይከፍት ቀረ። ሰዉ ማሪነር ኤክልስ የተባሉ ሰው ወደሚመሩት ባንክ ጎረፈ። ኤክልስ ገንዘብ ለሚከፍሉት ሠራተኞቻቸው «ቀስ በሉ» አሉ። የሚያውቁትን ሰው ፊርማ ሳይቀር ከመዝገብ እንዲያመሳክሩ፣ ገንዘቡንም በትንንሽ ኖት እንዲቆጥሩ አደረጉ። ሶልት ሌክ ሲቲ ካለው ፌዴራል ሪዘርቭ (የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ) በብረት ለበስ መኪና ገንዘብ ሲደርስ ባንኮኒ ላይ ወጥተው፣ ባንኩ ሰው እስካለ ድረስ እንደማይዘጋ ተናገሩ። ሰዉ ረጋ።

ዘዴው ድንቅ ነው። ነገር ግን ደጃፉ ላይ የቆመው ሰው ዕጣ በአንድ ባለ ባንክ ብልጠትና በአንድ መኪና ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። እዚያው ኦግደን ያልከፈተው ባንክ ደንበኞች ይህን ዕድል አላገኙም። ከጃንዋሪ 1934 ጀምሮ ባንክ ቢወድቅ የፌዴራል መድን ለእያንዳንዱ አስቀማጭ እስከ 2,500 ዶላር ዋስ ሆነ። በዚያ ዓመት መድን ካላቸው ባንኮች የወደቁት 9 ብቻ ናቸው። ደካሞቹ ቀድመው መዘጋታቸው ረድቷል፤ ግን ሰዉም መሮጥ አላስፈለገውም። ስለዚህ እባክዎ ያን ሰልፈኛ ሞኝ አይበሉብኝ።

የተዘጋባቸው ሰዎች ሁሉንም አጡ?

ብዙ ጊዜ አላጡም። የባንኩ ንብረት እየተሸጠ በከፊል ይከፈላቸው ነበር። ክፍያው ግን ዓመታት ይፈጃል፣ ገበሬው ደግሞ ዘር የሚገዛው ዘንድሮ ነው።

ከቨርጂኒያ፦ ቤት ሸጬ ገንዘቡን ባንክ አስገብቻለሁ። ቴሌግራም ላይ ስለ ባንኬ ክፉ ወሬ አየሁ። አውጥቼ ቤት ልደብቀው?

በፍጹም፣ እህቴ። ቤት ውስጥ ሌባም እሳትም አለ። ባንክዎ የፌዴራል መድን ካለው፣ በስምዎ ብቻ ላለው ሂሳብ እስከ 250,000 ዶላር ተሸፍኗል። የጋራ ሂሳብ ለብቻው ይቆጠራል። ከዚያ በላይ ከሆነ ግን የእኔ መልስ አይበቃዎትም፣ የዘመድ ምክርም አይበቃም። በዚሁ ሳምንት ባንክዎ ሄደው ስንቱ እንደተሸፈነ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ወደ ፌዴራል መድን ድርጅቱም (FDIC) ደውለው ያረጋግጡ። ይህን ሳያደርጉ እንዳይቀሩ አደራ።