መልስ፦ በኡቡንቱ የሚሠራው ስክሪፕት ማክ ላይ ለምን ይቆማል?
ጤና ይስጥልኝ። ባሕር ዳር ቢሮ ባለው ኡቡንቱ (የሊኑክስ ሥርዓት) ላይ የጣና ሐይቅን የውኃ ከፍታ መዝገቦች ያለ ችግር የሚያስተካክለው የሼል ስክሪፕትዎ (የትእዛዞች ፋይል)፣ ማክ ላይ በየፋይሉ የተለያየ ስህተት እያወጣ የሚቆመው ሁለቱ የሚጠቀሙት «ሴድ» (sed፣ በፋይል ውስጥ ጽሑፍ የሚተካ ትእዛዝ) አንድ ስላልሆነ ነው። የኡቡንቱው የግኑ ሴድ ከ«ሰረዝ አይ» (-i፣ ፋይሉን እዚያው የሚያስተካክል አማራጭ) በኋላ የመጠባበቂያ ቅጥያ (በቀድሞው ፋይል ቅጂ ስም መጨረሻ የሚጨመር) ባይሰጠውም ግድ የለውም፤ የማኩ የቢኤስዲ ሴድ ግን ቅጥያ የግድ ስለሚፈልግ፣ የመተኪያ ትእዛዝዎን እንደ ቅጥያ ወስዶ የፋይሉን ስም እንደ ትእዛዝ ለማንበብ ይሞክራል። የስህተቱ መልእክት በፋይሉ ስም የመጀመሪያ ፊደል የሚለዋወጠውም (መጀመሪያ ሲያዩት በእርግጥ ግራ ያጋባል) ለዚህ ነው። ከ«አይ»ዋ ጋር ክፍተት ሳይተዉ «ነጥብ ባክ» የሚል ቅጥያ ቢያያይዙ (-i.bak) በሁለቱም ይሠራል፤ ትርፍ ቅጂውን በኋላ ይሰርዙታል። አሶሲዬቲቭ አሬይም (ዋጋዎችን በቁጥር ሳይሆን በስም የሚይዝ ዝርዝር) ከተጠቀሙ፣ ማክ ይዞት የሚመጣው ባሽ 3.2 (ስክሪፕቱን የሚያስኬደው ፕሮግራም) አያውቀውም፤ ቢያንስ ባሽ 4 ያስፈልገዋል።