የሙያ ምክር፦ ባንክ ልግባ ወይስ መዳብ ፍለጋ ልውጣ?

ጥያቄ፦ በጂኦሎጂ ከተመረቅኩ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ሰሞኑን ሁለት ዕድል አንድ ላይ መጣልኝ። አንዱ ባንክ ውስጥ ቋሚ ሥራ ነው። ሌላው ምዕራብ ኢትዮጵያ ውስጥ መዳብና ብር የሚፈልግ ኩባንያ ነው፤ የስድስት ወር ኮንትራት፣ ጁኒየር ጂኦሎጂስት። ቦታው ጥንታዊ የእሳተ ገሞራ አለት ነው ብለውኛል። በሚቀጥለው ሳምንት ኢንተርቪው አለኝ። ቤተሰቦቼ “ሴት ልጅ በረሃ ምን ትሠራለች?” እያሉ ነው። እኔም ኮር (በቁፋሮ ከመሬት የሚወጣ ዘንግ መሰል የድንጋይ ናሙና) በእጄ ይዤ አላውቅም። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ እህቴ፣ ሐሳቤን አልደብቅሽም። ደመወዝሽን የሚጠብቅ ቤተሰብ ከሌለ ፍለጋውን ያዢ። ባንክ ነገም ይቀጥራል። ጂኦሎጂ ግን ከእጅ ሲርቅ ይረሳል። ሦስት ዓመት ካውንተር ላይ ቆይታ “ወደ ፊልድ ልመለስ” የምትል ልጅ መጀመሪያ የምትጠየቀው ምን ያህል ኮር እንዳየች ነው። የቤት ኪራዩ የሚከፈለው ባንቺ ደመወዝ ከሆነ ግን ባንኩን ያዢ፤ ምንም የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ወደ ኢንተርቪው ልሂድ። ብዙ ተመራቂ ለእንዲህ ያለ ሥራ ሲዘጋጅ ሶፍትዌር ላይ ይጠመዳል። የካርታ ሶፍትዌሩ ኪውጂአይኤስ ነፃ ነው፣ ብትማሪው ጥሩ ነው። ከጁኒየር የሚፈለገው ግን ከሁሉ በፊት ዓይን ነው። ድንጋይ ሰጥተው “ምን ታያለሽ?” ቢሉሽ “መዳብ አለው” ብለሽ አትጀምሪ። ቀለሙን፣ የቅንጣቶቹን መጠን፣ ጥንካሬውን፣ ስንጥቁን ተናገሪ። ስሙ በኋላ ይደርሳል።

በተለይ አረንጓዴ ካየሽ ተጠንቀቂ። እነዚህ አለቶች ውስጥ አረንጓዴ ሁሉ አንድ አይደለም። ክሎራይት ለስላሳ ነው፣ ቢላ በቀላሉ ይጭረዋል። ኤፒዶት ወደ ቢጫ ያደላል፣ ጠንካራ ስለሆነ ቢላ አይበግረውም። ማላካይት ደማቅ ነው፤ ብዙ ጊዜ ስንጥቅ ላይ እንደ ቀለም ተለጥፎ ታገኚዋለሽ፣ ቀጭን አሲድ ጠብ ሲደረግበትም አረፋ ያወጣል። አጠገቡ እንደሱ አረፋ የሚያወጣው ካልሳይት ካለ ግን አረፋው ከየትኛው እንደሚወጣ በሌንስ እዪ። ከሦስቱ የመዳብ ማዕድን የሚባለው ማላካይት ነው። እሱም ቢሆን ትንሽ መዳብ ሰፊ ገደል ሊያቀልም ይችላል። ስለዚህ አረንጓዴ ገደል አይተሽ “ማዕድን ተገኘ” እንዳትዪ። ይህን የምታውቅ ጁኒየር ብርቅ ናት።

ስለ አለቱም አንብቢ። የኢትዮጵያን ደጋ የሸፈነው ባዛልት (የእሳተ ገሞራ አለት) አብዛኛው 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ ያለው ነው። አንቺ የምትሄጂበት ዓይነት አለት ግን ከዚያ እጅግ የቀደመ ነው፤ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዓመት አልፎታል፣ በሙቀትና በግፊትም ተለውጧል። የአረብ–ኑብያ ጋሻ ከሚባለው ጥንታዊ መሬት ጋር የተያያዘ ነው። በሰሜን ምዕራብ ትግራይ ያለው የተራኪምቲ መዳብ፣ ዚንክ፣ ወርቅና ብርም የዚህ ወገን ነው። እንዲህ ያለ ማዕድን የተፈጠረው ባሕር ወለል ላይ ነው። የባሕር ውሃ በስንጥቅ ይሰርጋል፣ ከታች ይግላል፣ ከአለቱ ብረታ ብረት አሟሙቶ ይዞ ይወጣል። ቀዝቃዛውን ውሃ ሲያገኝ የያዘውን ይጥላል። ይህን በ3 ደቂቃ ስዕል እየሳልሽ ማስረዳት ተለማመጂ።

አንድ ምሳሌ ብቻ በደንብ ለመያዝ ካሰብሽ ምዕራብ ኤርትራ ያለውን የቢሻ ማዕድን ማውጫ ያዢ። ከላይ የዛገ ቀይ አለት አለ፤ በእንግሊዝኛ “ጎሳን” (gossan) የምንለው። እዚያ መዳቡና ዚንኩ በዝናብ ውሃ ታጥቦ ወርዷል፣ ወርቁና ብሩ ቀርቷል። ከሥሩ የወረደው መዳብ የተጠራቀመበት ንብርብር አለ። ከዚያ በታች ያልተነካው የዚንክና የመዳብ ሰልፋይድ (ከድኝ ጋር የተዋሃደ ማዕድን) ይመጣል። ማምረቱም ይህንኑ ተከተለ፤ በፈረንጆቹ 2011 ወርቅ፣ 2013 መዳብ፣ 2016 ዚንክ። እኔ ይህን ምሳሌ በጣም እወደዋለሁ። ላይ ላዩን የዛገ ድንጋይ አይቶ ከሥር ምን ሊኖር እንደሚችል መገመት የፍለጋ ጂኦሎጂስት ዋና ሥራ ነው።

ብሩን ደግሞ በዓይንሽ አትጠብቂው። ብዙውን ጊዜ እንደ ጋሌናና ቴትራሄድራይት ባሉ ማዕድናት ውስጥ ተደብቆ ነው ያለው። መዳብ በመቶኛ ሲነገር ብር በቶን ስንት ግራም ተብሎ ነው። የሚነግርሽ ላብራቶሪ ነው፣ ላብራቶሪው ደግሞ የሚታመነው ናሙናሽ ከታመነ ነው። በየመሃሉ ብረቱ የሌለበት ባዶ ናሙና፣ መጠኑ የታወቀ ስታንዳርድና ድጋሚ ናሙና ይገባል። አንድ የናሙና ቁጥር ቢዛነፍ ተከታዩ ሁሉ ይዛነፋል። ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ሙቀትና ድካም ባለበት፣ ከረጢቱ ላይ ያለውን ቁጥር ከመዝገቡ ጋር ሁለቴ የምታይ ልጅ ሁሉም ቡድን ይፈልጋታል።

እውነቱንም ልንገርሽ። ፍለጋ ከሚደረግባቸው ቦታዎች አብዛኞቹ ማዕድን ማውጫ አይሆኑም። ገንዘብ ሲያልቅ ቁፋሮው ይቆማል፣ ኮንትራትሽም አብሮ ሊያበቃ ይችላል። ስድስት ወሩ የሚጠቅምሽ ግን ኮር ሎግ ካደረግሽ (ያየሽውን በዝርዝር ከመዘገብሽ) እና የሠራሽውን በዝርዝር የሚገልጽ የሥራ ልምድ ደብዳቤ ይዘሽ ከወጣሽ ነው። ሥራሽ ቢሮ ቁጭ ብሎ ኤክሴል መሙላት ብቻ ከሆነ ባንኩ ይሻላል።

ቤተሰቦችሽ የሚፈሩት ከንቱ ፍርሃት አይደለም። አትከራከሪያቸው፣ መልስ አምጪላቸው። ለሴቶች የተለየ ድንኳንና መጸዳጃ አለ ወይ? ሰው ቢታመም በየትኛው መኪና ወደየትኛው ሆስፒታል ይሄዳል? አካባቢው ሰላም ነው ወይ፣ ማንስ ነው የሚከታተለው? ኢንሹራንስ አለ? ደመወዝ በስንት ቀን ይገባል? የገበሬ መሬት ላይ ትሬንች (የናሙና ቦይ) ሲቆፈር ፈቃዱን ማን ይጠይቃል፣ ጉድጓዱንስ ማን ይደፍነዋል? የመጨረሻው ያንቺ ጉዳይ አይመስልሽ ይሆናል። ከነዋሪው ጋር የተጣላ ካምፕ ውስጥ ግን መጀመሪያ የሚጨነቀው ፊልድ የሚወጣው ጁኒየር ነው።

ጥያቄዎቹን ከኢንተርቪው በኋላ በኢሜይል ላኪላቸው፣ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበይ። እስከዚያ ባንኩን እምቢ አትበዪ።