ንድፉ ሳይጀመር የሚጠየቅ

ስለ ዘላቂ መሠረተ ልማት ከደረሱኝ ጥያቄዎች ዛሬ አራቱን እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ የዲዛይን ቢሮ ውስጥ እሠራለሁ። ሪፖርቱ ሲያልቅ ስለ ዘላቂነት አንድ ምዕራፍ ጻፍ እባላለሁ። ይህ በቂ ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ ጥፋቱ ግን የእርስዎ አይደለም። መስመሩ ተመርጦ፣ መጠኑ ተወስኖ ካለቀ በኋላ ምዕራፉ የሚለውጠው ነገር የለም። ጥያቄው መነሣት ያለበት በአዋጭነት ጥናቱ ላይ ነው፦ ይህ ነገር መገንባት አለበት ወይ? ኒው ዮርክ ይህን ጠይቃለች። ከካትስኪልና ከዴላዌር ተፋሰሶች ለሚመጣው ውኃዋ ግዙፍ ማጣሪያ ጣቢያ ከመገንባት ይልቅ በ1997 እ.ኤ.አ. ከተፋሰሱ ነዋሪዎች ጋር ተስማማች። በውኃው ዙሪያ መሬት ገዛች፣ ፍግ ወደ ወንዙ እንዳይወርድ ከገበሬዎች ጋር ሠራች፣ የገጠር ቤቶችን የፍሳሽ ጉድጓድ አሳደሰች። እኔ ይህን ከማንኛውም ያማረ ግንባታ በላይ የምህንድስና ሥራ ብዬ እቆጥረዋለሁ።

ጥያቄ፦ ድልድያችን ለ50 ዓመት ጎርፍ ነው የተሠራው። እንዴት በ10 ዓመቱ ውኃ ዋጠው?

መልስ፦ ስያሜው ብዙ ሰው ያሳስታል። «የ50 ዓመት ጎርፍ» ማለት በየዓመቱ የመምጣት ዕድሉ 2 በመቶ የሆነ ጎርፍ ነው፤ ዘንድሮ መጥቶ ለከርሞም ሊደገም ይችላል። ድልድዩ 50 ዓመት ቢቆም በዚያ ዕድሜው ቢያንስ አንድ ጊዜ የመከሰቱ ዕድል 64 በመቶ ገደማ ነው። ስሌቱም የቆመው ባለፈው ዝናብ መዝገብ ላይ ነው፤ የዝናቡ ጠባይ ሲለወጥ ቁጥሩም ይለወጣል። ስለዚህ «ውኃው ይመጣል ወይ?» ከማለት «ሲመጣ በየት ይለፍ?» ማለት ይሻላል። ኮፐንሃገን ሐምሌ 2 ቀን 2011 እ.ኤ.አ. በከባድ ዝናብ ከተጥለቀለቀች በኋላ ያወጣችው ዕቅድ ቱቦ በማስፋት ብቻ አልቀረም። ውኃውን የሚያሳልፉ መንገዶችና ለጊዜው የሚይዙ መናፈሻዎች እንዲሠሩ አደረገ።

ጥያቄ፦ የሲሚንቶ ፋብሪካዎች ነዳጅ ቢቀይሩ ችግሩ አይፈታም?

መልስ፦ በከፊል ብቻ። የሲሚንቶ ጥሬ ዕቃ የሆነው የኖራ ድንጋይ ራሱ ሲጋገር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል። መፍትሔው ክሊንከሩን፣ ማለትም ከምድጃው ወጥቶ ተፈጭቶ ሲሚንቶ የሚሆነውን ጓል፣ መቀነስ ነው፤ ከፊሉን በፖዞላና (እንደ እሳተ ገሞራ አመድ ባለ ዱቄት) ወይም በስላግ (በብረት ማቅለጫ ተረፈ ምርት) መተካት ይቻላል። እነዚህ ቀስ ብለው ስለሚጠነክሩ፣ ሥራው ከፈቀደ የኮንክሪቱ ጥንካሬ በ28 ቀን ፋንታ በ56 ቀን ይለካ ብለው ይጻፉ። በአንዲት የስፔሲፊኬሽን (የሥራ ዝርዝር መግለጫ) መስመር ብዙ ሲሚንቶ ይተርፋል።

ጥያቄ፦ ውኃ የሚያሰርግ ንጣፍ ለመኪና ማቆሚያ ላስነጥፍ ወይስ ይቅርብኝ?

መልስ፦ በመጀመሪያ ማን እንደሚያጸዳው ይወስኑ። አቧራና ቅጠል ቀዳዳውን ይደፍናል፤ በየጊዜው በሚስብ ማሽን መጠረግ አለበት። ከተነጠፈ በኋላ አንድ ባልዲ ውኃ ያፍስሱበት፤ ወዲያው ካልሰረገ የሚጠረግበት ጊዜ አልፏል።