ሲስተሙ በየሦስት ወሩ የሚያድሰው ውል ሠራተኛውን ጊዜያዊ ያደርገዋል?

ጥያቄ፦ በርበሬ፣ ሽሮና የምግብ ዱቄት አሽጎ በሚያከፋፍል ድርጅት ውስጥ የሰው ሀብት ክፍል ኃላፊ ነኝ። ከቋሚ ሠራተኞቻችን ውጪ በየጊዜው ጊዜያዊ ሠራተኞች እንቀጥራለን። ቀደም ሲል እያንዳንዱ የክፍል ኃላፊ በመሰለው መንገድ ይቀጥር ስለነበር፣ የድርጅቱን የቅጥር ደንብ የሚያስከብር ሶፍትዌር ከአንድ የውጭ ኩባንያ ገዛን። የክፍል ኃላፊው ጥያቄ ያስገባል፤ ሲስተሙ ከደንባችን ጋር አመሳክሮ ውል ያዘጋጃል፤ በስልክም ያስፈርማል። ውሉ የሦስት ወር ነው፤ ሥራ ካለ ራሱ ያድሰዋል። ዓመት እንዳይሞላ አሥራ አንደኛው ወር ላይ ለ15 ቀን ያቋርጥና እንደ አዲስ ይቀጥራል። ይህ አሠራር ያስጠይቀናል? ፍርድ ቤት ብንቀርብ ሲስተሙ ደንቡን ጠብቆ መሥራቱን ማሳየት ይበቃናል? የወረቀት ውልስ ማስቀረት እንችላለን?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ አዎ፣ ያስጠይቃችኋል። ቅጥሩን ከየክፍል ኃላፊው እጅ አውጥታችሁ በአንድ ሥርዓት ማስገባታችሁ የሚመሰገን ነው፤ በቃል ተቀጥረው በቃል የሚባረሩ ሠራተኞች በበዙበት አገር የተመዘገበ ቅጥር ለሁለቱም ወገን ይበጃል። ችግሩ ያለው ሲስተሙ እንዲያስከብር በሰጣችሁት ደንብ ላይ ነው። ያስገባችሁት ደንብ ከሕጉ ጋር የሚጋጭ ከሆነ፣ ሲስተሙ የሚያደርገው ነገር ቢኖር ጥፋቱን በትጋት መደጋገምና እያንዳንዱን ድግግሞሽ ከነቀኑና ከነሰዓቱ መዝግቦ ማስቀመጥ ነው።

ከመሠረቱ እንነሳ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 9 ላይ ማንኛውም የሥራ ውል ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጠራል ይላል። ከዚህ የሚወጡት በአንቀጽ 10 የተዘረዘሩት ሁኔታዎች ብቻ ናቸው። እንግዲህ ሕጉ የሚጠይቀው ይህ ሰው ስንት ወር እንደሠራ ሳይሆን ሥራው ለምን ጊዜያዊ እንደሆነ ነው። ብዙ አሠሪዎች ከአንድ ዓመት በታች የተቀጠረ ሁሉ ጊዜያዊ ነው ብለው ያምናሉ፤ ከእናንተ የአሥራ አንድ ወር ደንብ ጀርባ ያለውም ይኸው እምነት ነው። በአዋጁ ውስጥ ግን እንዲህ ያለ ድንጋጌ የለም። በቋሚነት በሚሠራ የማሸጊያ ማሽን ላይ የተመደበች ሠራተኛ በሁለተኛው ወሯም ቢሆን ላልተወሰነ ጊዜ የተቀጠረች ልትሆን ትችላለች። በተቃራኒው፣ የወሊድ ፈቃድ የወጣችን ባልደረባ ተክቶ የገባ ሰው እሷ እስክትመለስ ድረስ በሕጋዊ መንገድ ጊዜያዊ ነው።

አንቀጽ 10 የሚፈቅዳቸው ምክንያቶች ጠባብ አይደሉም፤ ለእናንተ ዓይነት ድርጅትም በደንብ ይበቃሉ። ዐቢይ ጾም ሲቃረብ የሽሮ ትዕዛዝ ከተለመደው በላይ ሲበዛ ለሥራ ብዛቱ የሚቀጠር ሰው አለ። በርበሬ በሚገባበት ወራት በየዓመቱ የሚደጋገም ወቅታዊ ሥራ አለ። በሕመም ወይም በፈቃድ የቀረን ሠራተኛ መተካት፣ የተበላሸ መሣሪያን በአስቸኳይ መጠገን፣ የድርጅቱ ቋሚ ሥራ ያልሆነና አልፎ አልፎ የሚሠራ ሥራ፣ ተለይቶ የታወቀ አንድ ሥራን ሠርቶ ማስረከብ፣ እነዚህ ሁሉ ተፈቅደዋል። ጥንቃቄ የሚሹት ሁለቱ ናቸው። ቋሚ ሠራተኛ በድንገት ለዘለቄታው ሲለቅ በቦታው ለጊዜው ሰው መመደብ፣ እንዲሁም የድርጅቱ መዋቅር ተዘጋጅቶ ሥራ ላይ እስኪውል ክፍት ቦታን መሸፈን። በእነዚህ ሁለቱ ውሉ ከ45 ተከታታይ ቀናት ሊበልጥ አይችልም፤ የሚደረገውም አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የእናንተ ሲስተም ለእነዚህም ሦስት ወር ይሰጣል፤ ከዚያም ያድሳል። ይህ በቀጥታ ሕጉን መጣስ ነው።

ስለዚህ በሲስተሙ ላይ መጀመሪያ መለወጥ ያለበት የክፍል ኃላፊው የሚሞላው ገጽ ነው። አሁን የሚጠይቀው የሰው ብዛት፣ የሥራ መደብና የሚጀመርበትን ቀን ይመስለኛል። ከእነዚህ ሁሉ በፊት «ይህ ሥራ ለምን ጊዜያዊ ሆነ?» የሚል ጥያቄ ይቅደም፤ መልሱም ከአንቀጽ 10 ምክንያቶች አንዱ ይሁን፤ ማስረጃም ይያያዝበት። ምክንያቱ መተካት ከሆነ የማን ፈቃድ እንደሆነና መቼ እንደሚያበቃ ይገለጽ። የሥራ ብዛት ከሆነ የትዕዛዙ ደብዳቤ ይግባ። ሲስተሙ የሚያድሰው ቀኑ ስለደረሰ ሳይሆን ያ ምክንያት ዛሬም እንዳለ አንድ ኃላፊነት ያለበት ሰው በስሙ ሲያረጋግጥ ብቻ ይሁን። ራሱ የሚያድሰውን ክፍል ግን ዛሬውኑ አስዘጉት።

ይህን አጥብቄ የምናገረው ፍርድ ቤት የሚቀርበው ማስረጃ ከእናንተው ሲስተም ስለሚወጣ ነው። አሠሪ የሠራተኞችን ዝርዝር መዝገብ የመያዝ ግዴታ አለበት፤ ችሎቱ ያንን መዝገብ እንድታቀርቡ ቢያዝ አንዲት ሠራተኛ በአንድ ማሽን ላይ ሦስት ጊዜ በተከታታይ «የሥራ ብዛት» በሚል ምክንያት ታድሳ፣ 15 ቀን ተቋርጣ፣ እንደገና በዚያው ምክንያት መቀጠሯ ይታያል። ዓመቱን ሙሉ የማያባራ የሥራ ብዛት ደግሞ የድርጅቱ መደበኛ ሥራ ነው። «ሲስተሙ ደንባችንን ጠብቋል» የሚለው መከላከያ የሚያስረዳው ቢኖር መቋረጡ ሆን ተብሎ የታቀደ መሆኑን ነው። የድርጅት የውስጥ ደንብ ለሠራተኛው ከሕጉ የተሻለ ሊሰጥ ይችላል፤ ከሕጉ በታች ሊወርድ ግን አይችልም።

ውጤቱ ቀላል አይደለም። ውሉ ላልተወሰነ ጊዜ ነው ከተባለ «ጊዜው አብቅቷል» ብሎ ማሰናበት ሕገ ወጥ ስንብት ይሆናል። ፍርድ ቤቱ በአንቀጽ 43 መሠረት ሠራተኛዋ ወደ ሥራዋ እንድትመለስ ሊያዝ ይችላል፤ ውዝፍ ደመወዝም በመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት እስከ ስድስት ወር፣ ክርክሩ ወደ ይግባኝ ከሄደ እስከ አንድ ዓመት ድረስ ሊወሰንላት ይችላል። ካልተመለሰች ደግሞ የአማካይ የቀን ደመወዟ 180 እጥፍ ካሳ አለ፤ የማስጠንቀቂያ ጊዜ ክፍያም ይጨመርበታል። ይህን በዚሁ መንገድ በቀጠራችኋቸው ሰዎች ቁጥር አባዙት።

የሙከራ ጊዜውንም ተመልከቱት። የውሉን ናሙና ባላየውም፣ ከውጭ የተገዙ ሲስተሞች በእያንዳንዱ አዲስ ውል ላይ የሦስት ወር የሙከራ ጊዜ መጨመር ልማዳቸው ነው። በእኛ ሕግ የሙከራ ጊዜ በጽሑፍ ስምምነት የሚደረግ ሆኖ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም፤ በዚያው አሠሪ ዘንድ ለዚያው ሥራ በድጋሚ የተቀጠረ ሰው ደግሞ ለሙከራ አይቀጠርም። «የሥራ ቀናት» የሚለው ሐረግ ለ45ቱ «ተከታታይ ቀናት» ከተጻፈው የተለየ አቆጣጠር አለው፤ በአንዱ ውስጥ እሑድና በዓል ይቆጠራል፣ በሌላው አይቆጠርም። ሲስተሙ ሁለቱን ለይቶ መቁጠር አለበት።

ስለ አቆጣጠር ካነሳን ጳጉሜን አንርሳ። ነሐሴ 1 ቀን የተጀመረ የ45 ቀን ውል የሚያበቃው መስከረም 10 ቀን ነው፤ ጳጉሜ ስድስት በምትሆንበት ዓመት ደግሞ መስከረም 9 ቀን። ጳጉሜን የማያውቅ ሲስተም፣ ወይም ቀኑን በእጁ የሚገለብጥ ጸሐፊ፣ መስከረም 15 ይላል፤ በእነዚያ ትርፍ ቀናት ሠራተኛው ሕጉ ከፈቀደው ገደብ አልፎ ሲሠራ ይገኛል። የሰዓቱ ጉዳይም እንዲሁ ነው። ፎርማኑ ሠራተኛው ከምሽቱ 2 ሰዓት ወጣ ብሎ «2፡00» ሲሞላ ሲስተሙ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ብሎ ካነበበው ስድስት ሰዓት ትርፍ ይጨምራል። እኩለ ሌሊት የወጣውን «6፡00» ሲልለት ንጋት ላይ ያወጣዋል፤ ወይም ከሰዓት በፊት ከሥራ የሄደ አስመስሎ ክፍያውን ይቆርጥበታል። የትርፍ ሰዓት ክፍያ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ የመደበኛው 1.5 እጥፍ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት 1.75 እጥፍ፣ በሳምንት የዕረፍት ቀን 2 እጥፍ፣ በሕዝብ በዓል 2.5 እጥፍ ነውና የሰዓት ስህተት የገንዘብ ስህተት ነው። የሕዝብ በዓላትን፣ በተለይ ቀናቸው በጨረቃ የሚወሰነውን ኢድ አልፈጥርንና አረፋን፣ በየዓመቱ የሚያስገባ ሰው በስሙ ይመደብ።

በደንባችሁ ውስጥ ጊዜያዊ ሠራተኛ የዓመት ፈቃድ የለውም የሚል ካለ ይሰረዝ። አዋጁ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀናት ይሰጣል፤ ከዓመት በታች ለሠራ ሰው ደግሞ በተመጣጣኝ ይሰላል፤ ሳይወስደው ውሉ ካበቃ በገንዘብ ይከፈለዋል። የመጨረሻ ክፍያውም ውሉ በተቋረጠ በሰባት የሥራ ቀናት ውስጥ ሊደርሰው ይገባል።

ወደ ወረቀቱ ጥያቄ ልምጣ። የሥራ ውል ልዩ ፎርም አያስፈልገውም፤ የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 እና የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ደግሞ ለኤሌክትሮኒክ ሰነድና ፊርማ ዕውቅና ሰጥተዋል። በስልክ መፈረሙ በራሱ ውሉን አያፈርሰውም። እኔን የሚያሳስበኝ ስልኩ የማን ነው የሚለው ነው። የቀን ሠራተኞች ብዙዎቹ ኢሜይል የላቸውም፤ አንዳንዱም ስልኩ የተዘጋ ወይም የተዋሰው ይሆናል። በዚህ ጊዜ የማረጋገጫ ቁጥሩ ወደ ፎርማኑ ስልክ ይላካል፤ ፎርማኑ የሃያውን ሰው ውል ቁጭ ብሎ ያጸድቃል። ሠራተኛው «ውሉን አላየሁትም፣ አልፈረምኩም» ካለ ሲስተሙ የሚያሳየው የፎርማኑን ቁጥር ነው። ይህ ለእናንተ ማስረጃ ከማጣት በላይ ነው፤ ሰውየው ምን ላይ እንደተስማማ ሳያውቅ እየሠራ ነው ማለት ነው።

ስለዚህ ውሉ ሠራተኛው በሚያነበው ቋንቋ ይታተም፤ ማንበብ ለማይችል ይነበብለት፤ እጁ ላይም አንድ ቅጂ ይድረስ። በጽሑፍ ያልተደረገ ውል ካለ አሠሪው በ15 ቀናት ውስጥ የውሉን ዝርዝር በጽሑፍ ፈርሞ ለሠራተኛው መስጠት አለበት፤ ሠራተኛው በደረሰው በ15 ቀናት ውስጥ ካልተቃወመው እንደ ውል ይቆጠራል። ይህን አለማድረግ ሠራተኛውን መብቱን አያሳጣውም፤ የሚጎዳው ድርጅቱን ነው።

ሲስተሙ ከአመልካቾች የሚሰበስበውን መረጃም ፈትሹ። በውጭ ናሙናዎች ላይ የጋብቻ ሁኔታ፣ እርግዝና፣ የጤና ታሪክ የሚሉ ሳጥኖችን አይቻለሁ። በእነዚህ ላይ ተመሥርቶ ሰውን ማጣራት በፆታ፣ በአካል ጉዳት ወይም በኤች አይ ቪ ምክንያት አድልዎ ወደመፈጸም ይወስዳል፤ አዋጁ ይህን ይከለክላል። ለሥራው የማያስፈልግ ሳጥን ይውጣ። በ2016 የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ስላለም፣ የመታወቂያ ቅጂና የጣት አሻራ የት አገር ባለ ሰርቨር እንደሚቀመጥ፣ ማን እንደሚያየው፣ መቼ እንደሚጠፋ ሻጩ በጽሑፍ ያሳውቃችሁ። ከሻጩ ጋር ያላችሁ ውል ሲያበቃ መዝገቡን በሙሉ ማውጣት እንደምትችሉም አረጋግጡ፤ መዝገብ የመያዝ ግዴታው የእናንተ ነው።

አሁን በሥራ ላይ ላሉት ሰዎች ምን ይደረግ? የታደሱትን ውሎች በሙሉ ከሲስተሙ አውጥታችሁ ለእያንዳንዱ የአንቀጽ 10 ምክንያት ይኑር አይኑር ተመልከቱ። ምክንያት የሌለው ላልተወሰነ ጊዜ እንደተቀጠረ በደብዳቤ ይነገረው፤ አገልግሎቱም መጀመሪያ ከገባበት ቀን ይቆጠርለት፤ የ15 ቀኑን መቋረጥ እንደ ክፍተት አትያዙበት። የሚቀጥለው ዙር የአሥራ አንደኛ ወር ስንብት ወረፋ ውስጥ ያሉትን ዛሬ አስቁሙ። በቅርቡ በዚህ ደንብ የተሰናበቱትንም አትዘንጉ። ወደ ሥራ የመመለስ ክስ የሚቀርበው በሦስት ወር ውስጥ ነው፤ የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ ደግሞ በስድስት ወር። እነዚያ ሰዎች መጥሪያ እስኪያስልኩ አትጠብቁ፤ ደውላችሁ ጥሯቸው፣ ቦታቸው ካለ መልሷቸው፣ ያልተከፈላቸው ካለ ክፈሏቸው። ብዙዎቹ መብት እንዳላቸው አያውቁም፤ እናንተ ግን ከዛሬ ጀምሮ ታውቃላችሁ።